የጀማል ተራ

በቀደም አዳማ፣ ያደግሁበት ሰፈር ሜዳ ዳር ከባጃጅ ስወርድ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከሜዳው ማዶ አዙሪት ተነስቶ ፌስታሉን እያሽከረከረ ይመጣል። ወዲያው ሸንኮራ ሻጯ እማማ ዘይነባ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ከወሎ የመጡ ሴት ነበሩ። እዚሁ ሜዳ ዳር የወንጂ ሸንኮራ ይሸጣሉ፤ ለእኛ ለልጆች ደግሞ የብልግና ዘፈን ያስተምሩናል። እናቶቻችን «ልጆቻችንን አበላሹብን» እያሉ ያሟቸው ነበር። እሳቸው ግን አዙሪት ሰይጣን ነው፣ ሰይጣን ሲስቁበት አይወድም ባይ ናቸው። እናም አቧራው ሲመጣ ተሰልፈን እንጮህበታለን፦

«አዙሪት አዙሪት፣ ሱሪህን ማን ቀደደው?
ቂጥህ አቧራ ነው፣ ማነው የሚያጥበው?»

ከዚያ ዝም። መልሱ «እናቴ!» ነበር፤ መመለስ ግን ክልክል ነው። አንዴ ጓደኛዬ አብዲ፣ ክልከላው ለአማርኛው ብቻ መስሎት በኦሮምኛ «ሀዳ ኮ!» ሊል አፉን ከፈተ። እማማ ዘይነባ ቢላዋቸውን ጥለው አፉን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተው የኔ ልጅ፣ ይቺ የጀማል ተራ ናት» አሉት።

ጀማል አንድ ልጃቸው ነው። ዘፈኑን የፈጠረውም እሱ ነው ይባላል። እኛ ሳንወለድ አዙሪቱን እየሰደበ ተከትሎት አቧራው ውስጥ ገባ፤ አቧራው ሲረግብ ሜዳው ላይ የቀረው አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ብቻ ነበር። ሰው በከባድ መኪና ተሳፍሮ ጠፋ ይላል። እናቱ ግን የትም ይሁን የት፣ ዘፈኑን ከሰማ ሳይመልስ አያልፍም ብለው ያምኑ ነበር።

አንድ ቀን ዘፍነን ዝም ስንል፣ ከአቧራው ውስጥ ቀጭን የልጅ ሳቅ ሰማሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ ነፋስ ነው እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ሱሪዬን አርጥቤ ነው ቤቴ የገባሁት። እማማ ዘይነባ ብድግ ብለው ጆሯቸውን ሰጥተው ቆሙ። አቧራው አለፈ። ተመልሰው ተቀመጡና ሸንኮራቸውን መላጥ ቀጠሉ። አንጀቴን በሉት።

ካረፉ ቆይቷል። በቀደም ግን አዙሪቱ ሲቃረብ የማላውቃቸው ልጆች ከየግቢው እየሮጡ ወጡና ያንኑ ዘፈን ለቀቁት። «ማነው የሚያጥበው?» ካሉ በኋላ ሁሉም ጸጥ።

«ለምንድነው የማትመልሱት?» አልኳት አጠገቤ ያለችውን ልጅ።

«እኔ እንጃ» አለች፣ ዓይኗን ከአቧራው ሳትነቅል። «እዚህ ጋ ዝም ነው የሚባለው።»

እኔም ከልጆቹ ጋር ዝም ብዬ፣ አቧራው እስኪያልፍ ጆሮዬን ሰጥቼ ቆምኩ።