አባቴ ዳኛ የሆኑበት ሜዳ

አባቴ ከአገር ቤት ባሕር ተሻግረው አስፐን ሂል እኔ ጋ በመጡ በዓመቱ «ሰው ምንም የማይጠይቀኝ አገር ተቀምጬ ምን እሠራለሁ? ቲኬቴን ቁረጪልኝ» አሉኝ። አገር ቤት ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማቾች ሲካሰሱ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ነበሩ። እዚህ ልጆቼ እንኳ የሚጣሉት በእንግሊዝኛ ነው። ሳልወድ በግዴ ለሐምሌ መጨረሻ ቆረጥኩላቸው።

ያን ሰሞን ከሥራ ስመለስ የእንግሊዞቹን የቴኒስ ውድድር፣ ዊምብልደንን፣ በቴሌቪዥን አብረን እናያለን። ተጫዋቾቹ ከላይ እስከ ታች ነጭ መልበሳቸውን ሲያዩ «ነጠላ ብቻ ነው የቀራቸው» ይላሉ። ይህ ሁሉ ዝና የመጣው ከአንድ ሮለር ነው አልኳቸው፤ ድሮ የቴኒስ ክለቡ የሜዳውን ሣር የሚደለድልበት፣ በፈረስ የሚጎተት ሮለር ተበላሸበትና ማሠሪያ ለማግኘት ብሎ ውድድሩን ጀመረ። አባቴ ከት ብለው ሳቁ።

«ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት ይኼ ነው!»

እኛም ችግር አላጣንም። ከሴት ጓደኞቼ ጋር የምንጫወትበት የሰፈሩ የቴኒስ ሜዳ መረቡ ተቀዷል። እንግሊዞቹ ለሮለር ውድድር ካዘጋጁ እኛ ለመረብ ምን ያንሰናል ብዬ ሴቶቹን መመዝገቢያ አስከፍዬ ሰበሰብኩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴንም ነጠላቸውን እንደለበሱ እየጎተትኩ ወሰድኳቸው።

ለፍጻሜ የደረስነው እኔና የቅርብ ጓደኛዬ ነን። አንድ የመታኋት ኳስ መስመሩ ላይ አረፈች።

«አውት ናት፣ ወጥታለች!» አለች።

«ኢን ናት፣ ዓይኔ እያየ!»

ኢን ነበረች፤ ዛሬም እምላለሁ። ጓደኛዬ ወደ አባቴ ዞረች። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።»

አባቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ራኬታችንን ተቀብለው፣ ሁለታችንንም አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ መጀመሪያ የእሷን፣ ከዚያ የእኔን ቃል ሰሙ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ኳሷን አላየኋትም» አሉ በመጨረሻ። «ሁለታችሁም ግን አትዋሹም። ይቅር ተባባሉና እንደገና ምቱ።»

ዳኛ ኳሷን ሳያይ ሲቀር ነጥቡ ይደገማል፤ የቴኒሱም ሕግ ይኸው ነው። ተሳሳምን፣ ደገምን፣ ተሸነፍኩ። መረቡም ተገዛ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ መኪናው ውስጥ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ያቺ ጓደኛሽ ከእህቷ ጋር ተኳርፋ ኖሯል» አሉ። «ስንለያይ አማከረችኝ። እህትየዋ ያለችው አሌክሳንድሪያ ነው አሉ፤ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም፣ አባባ፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እኔ እወስድዎታለሁ።»

«የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ እልህ ተጋብተዋል። ቲኬቱን ካንስል አድርጊው።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ድሮውንም ካንስል ሲደረግ ገንዘቡ የሚመለሰውን ቲኬት ነበር የቆረጥኩላቸው።