የተጋደመው ፕሪዝም

ዛሬ የሒሳብ መምህራችን ጠርተውኝ፣ «ስለ ፕሪዝም ዓይነቶች የጻፍሽው ሰኞ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፤ የምታነቢውም አንቺ ነሽ» አሉኝ። ቡራዩ እስካለው ቤታችን ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ!

የመጀመሪያውን ጽሑፌን ግን «ይህ ሳይታረም አይነበብም» ብለው መልሰውልኝ ነበር። የቤታችንን የቆርቆሮ ጣሪያ ጎነ አራት ፕሪዝም ነው ብዬ ነበራ። ምን ላድርግ፣ ያረፈበትን አራት ማዕዘን ብቻ ነው ያየሁት።

ስህተቴ አልገባ ሲለኝ ከካርቶን ትንሽ ጣሪያ ሠራሁ። ታላቅ ወንድሜ አነሳውና በአንዱ ጫፉ አቆመው።

«አሁን ምን ይባላል?»

«ጎነ ሦስት ፕሪዝም።»

አጋደመው። «አሁንስ?»

«ጎነ አራት…»

«አንቺ ፋራ! አንቺስ ስትተኚ ስምሽ ይቀየራል እንዴ?»

ለካ ስም የሚያወጡለት ትይዩና እኩል የሆኑት ሁለቱ ጫፎቹ ናቸው! የጣሪያችን ጫፎች ባለ ሦስት ጎን ስለሆኑ ቢቆምም ቢጋደምም ጎነ ሦስት ፕሪዝም ነው። ጫፎቹ አምስት ጎን ቢኖራቸው ጎነ አምስት ይባል ነበር። ሌላም መለያ አለ፦ ጎኖቹ ከጫፎቹ ተነስተው ቀጥ ካሉ ቀጥ ያለ ፕሪዝም፣ ካዘነበሉ ደግሞ ዘመም ፕሪዝም ነው፤ ሱሉልታ መንገድ ዳር ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ እንደተደረደረ የድርቆሽ እስር።

ይህንን ሁሉ አርሜ በማግስቱ ለመምህራችን ሰጠኋቸው፤ አለፈ!

እስኪ እናንተም ያልተቀረጸ እርሳስ ከቦርሳችሁ አውጡና ጫፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ምን ዓይነት ፕሪዝም እንደሆነ አጠገባችሁ ላለው ሰው ንገሩት፤ ካላመናችሁ የጫፉን ጎኖች አብራችሁ ቁጠሩ።