ቡፌ ውስጥ የቆመው ኮምባይነር

ባለፈው ሰሞን አንድ ባልደረባዬ ስልኩን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ሰውየው ጌም ይወዳል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ጌም እንደምጫወት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ አንድ ትልቅ ካርቶን አሳየኝ። ለሰብሳቢዎች ተብሎ የሚወጣ ልዩ እትም ነው፤ ሲዲው አለበት፣ ትንሽ ሐውልት አለበት፣ የሥዕል መጽሐፍና የጨርቅ ካርታም አለበት። «እንዴት ነው፣ ያዋጣል?» አለኝ። «አያዋጣም» አልኩት ቀና እንኳ ሳልል። «ተራውን ግዛና ዛሬውኑ ተጫወት።» ቅር ብሎት ሄደ። እሱ ምንም አላጠፋም። እኔን እንዲህ ያለ ካርቶን ሳይ የሚያናድደኝ በራሴ ምክንያት ነው።

አባቴ ጉልበቱን የጨረሰው ኮምባይነር ላይ ነው። ከኢተያ እስከ ዲክሲስ እሱ ያላጨደው የስንዴ ማሳ ጥቂት ነው። ስንዴ ሲደርስ ከቤት ይወጣል፤ ሲመለስ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ገለባ ይዞ ይመጣል። ጡረታ ሲወጣ ግን አሰላ ያለው ቤታችን ጠበበው። ጠዋት ተነሥቶ ይላጫል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚሄድበት የለውም። እናቴን ወጥ ቤት ድረስ እየተከተለ የሽንኩርት አከታተፏን ያርማታል። እሷም «ሂድ ወደዚያ፣ ሰውዬ! እዚህ የሚታጨድ የለም» ትለዋለች።

ወንድሜ ለሥራ አዳማ ሲገባ የጌም ማሽኑን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ከሲዲዎቹ መካከል አንዱ የእርሻ ጌም ነው። ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ፣ እህሉን ጭኖ መሸጥ፤ ሌላ ነገር የለውም። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ፣ አባቴ ደግሞ ሬዲዮ የሚሰማ መስሎ በጎን ያየኛል። አንድ ቀን ኮምባይነሩን ይዤ ማሳ ውስጥ ስገባ አላስችል አለው። «ኧረ ቀስ! ልትገለብጪው ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «እንግዲያው ና፣ አንተ ንዳዋ!» አልኩት። ተነሥቶ ጆይስቲኩን ተቀበለኝ፤ ወዲያው ከአጥር ጋር ተላተመ። ማሽኑን ሰደበው፣ የሠራውን ሰው ሰደበው፣ እኔንም ጨምሮ ሰደበኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጆይስቲኩን ከእጁ ማስለቀቅ አልቻልኩም።

የሚጫወተው ሥራ እንደሚገባ ሰው ነበር። ቆቡን ያደርጋል፣ ወንበሩን ያስጠጋል፣ ኮምባይነሩን ሲያዞር እሱም በመላ ሰውነቱ አብሮ ያዘምማል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ትፈርሳለች። ማሳው ሲያልቅ «ጋሪዳ» ይላል፤ ጥሩ ነው ለማለት። ከገበሬዎቹ ጋር ዘመኑን ሁሉ በኦሮምኛ ስለኖረ፣ ሥራው ሲያምርለት ከአፉ የምትወጣው ቃል እሷ ነች። ከዚያ ቀኝ እጁ ወደ ኮት ኪሱ ይሄዳል። አንድ ቀን ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው «ቁልፌን ነዋ» አለኝ። «ሥራ ስንጨርስ ቁልፉን ኪሳችን ነበር የምንከተው። እጄ አልረሳ ብሎኝ እኮ ነው።» ልጅ ሆኜ አባቴ የመኸር ሰው ነበር፤ ቤት ሲኖርም ደክሞት ይተኛል። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ የሳቅኩት በእነዚያ እሑዶች ነው። ደስ ይለኝ ነበር፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

እየቆየ በግራ በኩል ያልታጨደ ስንዴ እየተወ ማለፍ ጀመረ። ቀጭን መስመር ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ከጆሮ ኋላ እንደረሳው ፀጉር ቆሞ ይቀራል። «አባዬ፣ ይሄን ለማን ነው የተውከው? ለወፍ ነው?» እለዋለሁ። «ለቃርሚያ ነው! ድሃ አይብላ ነው የምትይው?» ይለኛል። ተሳስቀን፣ እሱም ተመልሶ ያጭደዋል። ጆይስቲክ ለሽማግሌ ጣት አይመችም ብዬ ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ከዚያ ሲዲው ተቧጨረና መሀል ላይ ቀጥ ማለት አመጣ። በጥጥ ጠረግኩት፣ ሰው እንደመከረኝ በጥርስ ሳሙናም አሸሁት፤ በመጨረሻ ጭራሽ አልነሣም አለ። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ «ኮምባይነሬ ጋራዥ ገብቷል» እያለ ይቀልዳል።

ከተማው ውስጥ ካሉት ጌም ቤቶች አንዱን ብጠይቅ ተራውን ሲዲ በማግስቱ ባገኘሁት ነበር። እኔ ግን ልቤ አበጠ። ለአባቴማ ተራ ነገር አልገዛለትም አልኩ። ስልኬ ላይ ስፈልግ የዚያው ጌም አዲሱ ወጥቶ፣ ልዩ እትምም ተዘጋጅቶለት አየሁ። ቀይ የብረት ኮምባይነር አለው፤ ክንድ የሚያህል። የማሽኖች ፎቶ የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ አለው። እኔን የገደለኝ ግን ሦስተኛው ነው፦ የሞተር ማስነሻ፣ ከነእውነተኛ ቁልፉ። በሽቦ ከማሽኑ ጋር ይያያዛል፤ ቁልፉን ስታዞረው ጌሙ ውስጥ ያለው ሞተር ይነሣል። ያ ወደ ኪሱ የሚሄደው እጅ ትዝ አለኝና ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ዋጋውን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አባቴ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቧራ ሳይኖረው በመዳፉ ጠረገው። በካርቶኑ ፊት ላይ ባለው ላስቲክ ውስጥ ኮምባይነሩም ቁልፉም ወለል ብለው ይታያሉ። እኔ መቀስ ይዤ መጣሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልከፍተው ነዋ።»

«አንቺ! ይሄን የመሰለ ዕቃ ይቀደዳል? ልብም የለሽ?»

እናቴ እስከዚያ ቡፌው ፊት ቆማለች። የእናቴ ቡፌ እንደ ሌላው ሰው ቡፌ ነው፤ አፋቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ ብርጭቆዎች፣ ሲያገቡ የተሰጧቸው ሲኒዎች፣ ለእንግዳ ተብለው የተቀመጡ ሳህኖች አሉበት። እንግዳ ሲመጣ እንዳይሰበሩ ብላ ተራዎቹን ታወጣለች። ብርጭቆዎቹን ወደ ታች አወረደችና ካርቶኑን መሀል ላይ አቆመችው። በእኛ ቤት ለአንድ ዕቃ ከዚህ የበለጠ ክብር የለም። እኔም ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ መቀሱን መለስኩ።

ለፋሲካ እንከፍተዋለን ተባለ። ለፋሲካ ወንድሜ ሳይመጣ ቀረ፤ እሱ ሲመጣ ተባለ። ሲመጣ ደግሞ መንገድ አድክሞታል ተባለ። እንግዲያው ተራውን ልግዛ ስል አባቴ ተቆጣ። «ያለንን ዕቃ ደግመን ልንገዛ? ገንዘቡ አሳከከሽ?» አለኝ። አኩርፌ ክፍሌ ገባሁ። ሆኖም እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ በኋላ በኋላ እኔም ወደድኩት። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ከወንበሩ ይነሣና ቡፌው አጠገብ ይቆማል። «ልጄ ናት ያመጣችልኝ» ይላል። ከዚያ በመስታወቱ ላይ በጣቱ እያሳየ፣ ይሄ የሚያጭደው ነው፣ ይሄ እህሉን የሚያፈሰው ነው እያለ ያስረዳል። ይህን ስሰማ መቀሱ ከሐሳቤ ይጠፋል። ይባስ ብዬ፣ እንዲህ ያለው ካርቶን ሳይከፈት ሲቆይ ዋጋው እንደሚጨምር አንብቤ ነገርኩት። ሞኝነቴ! ከዚያ ወዲያ ማን ይክፈተው? የጌም ማሽኑ ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለበሰ። እሑድ ከሰዓት አባቴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔ ስልኬን እነካካለሁ።

ካርቶኑ እንደቆመ ከዓመት በላይ ሆነው። አንድ ቀን አባቴ ከገበያ ሲመለስ በግራው በኩል የመጣ ባጃጅ ገፍቶ ጣለው። ከጉልበቱ በቀር ደህና ነበር። ባለ ባጃጁ «ጥሩምባ ነፍቻለሁ፣ አባቴ ዘው ብለው ገቡብኝ» እያለ ይምላል፤ አባቴ «ምንም ነገር አልነበረም!» እያለ ይምላል። ቁስሉን ያሰረችለት ነርስ ግን ሲወጣ ግራ ትከሻው ከበሩ ጋር ሲጋጭ አየች። ወደ ዓይን ሐኪም ላከችን።

ግላኮማ ነው አሉን ሐኪሙ። ከዳር ይጀምራል፣ አያምም፣ ሰውየው እንኳ ሳይነቃ እየጠበበ ይሄዳል። ጠብታው የቀረውን ሊያቆይ ይችላል፤ የሄደው ግን አይመለስም፤ ብዙው ደግሞ ሄዷል። ግራው ጠፍቷል፣ የቀኙ መሀሉ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወደ እኔና ወደ እናቴ ዞሩ። «በጎን በኩል ያለ ነገር ሲስት ቤት ውስጥ ያየ አልነበረም?» አሉ።

እናቴ አየችኝ። ያ ቆሞ የሚቀረው ስንዴ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። ምን ልበላቸው? ጌም ላይ ስንዴ ይተው ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር ልበላቸው? የጠብታውን ማዘዣ ተቀብዬ ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። መጫወት ባናቆም ኖሮ ያ መስመር በየእሑዱ እየሰፋ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ሳቄ ያቆም ነበር፤ «አባዬ፣ ይሄ አይታይህም እንዴ?» እል ነበር። ምናልባትም አልል ይሆናል፤ ምናልባት መሳቄን እቀጥል ይሆናል። አላውቅም። የማውቀው ያን ዓመት የታጨደ ማሳ እንዳልነበረን ነው። ተራውን ሲዲ ገዝቼለት ቢሆን ኖሮ ቡፌ የሚያስገባው ሰው አልነበረም። ይቆጨኛል፤ ዛሬም አልወጣልኝም።

ቤት እንደገባን አባቴ ራሱ «በሉ ያን ካርቶን አውጡት» አለ። ለእንግዳ፣ ለፋሲካ የሚል ሰው አልነበረም። ላስቲኩን በየሳምንቱ ስትወለውለው የኖረችው እናቴ ራሷ በቢላ ቀደደችው። የብረቱን ኮምባይነር እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ከፊት እስከ ኋላ ዳሰሰው። ማስነሻውን ከማሽኑ ጋር አያይዤ፣ አዲሱን ሲዲ ከትቼ፣ የደረሰ ስንዴ ያለበት ማሳ ዳር አቆምኩለት። ቆቡን አደረገ። የቁልፉን ቀዳዳ በጣቱ ፈልጎ አገኘውና አዞረው። ሞተሩ ተነሣ፤ ሳሎኑን ድምፁ ሞላው። አባቴ ፊቱ በራ፣ እናቴ ግን ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

«የታለ ማሳው?» አለኝ።

«ፊት ለፊትህ ነው፣ አባዬ።»

አንገቱን አስግጎ ቴሌቪዥኑን በቁራጭ በቁራጭ ፈለገው። ከዚያ ነዳ። ኮምባይነሩ ስንዴውን ትቶ በቀኝ ወጣ፣ አጥሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ጎማው ባለበት መሽከርከር ጀመረ። እሱ ግን ሞተሩን እየሰማ፣ እንደ ድሮው ሰውነቱን እያዘመመ ቀጠለ።

ከቆይታ በኋላ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«በግራ በኩል የተውኩት አለ?» አለኝ።

«የለም፣ አባዬ። ጥርግ አድርገህ አጭደኸዋል።»

«ጋሪዳ» አለ። ቁልፉን መልሶ አዞረ፣ ነቀለውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ቴሌቪዥኑ ላይ ስንዴው እንዳለ ቆሞ ነበር።