የውሃው ኃላፊ

ሱዳን ውስጥ፣ ራሀድ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መንደር ትንሽ ዱካን፣ ሸቀጥ የምሸጥባት ሱቅ፣ ነበረችኝ። የመንደሯ የጉድጓድ ፓምፕ ከተበላሸ ወራት አልፎታል፤ ሰዉ የወንዙን ድፍርስ ውሃ ይጠጣል። የጎረቤቴ የሐጃ ዘይነብ የልጅ ልጅ በተቅማጥ ሞተችባቸው። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው «አቤት እላለሁ» ብለው ተነሡ፤ ብቻቸውን ልሰዳቸው አልቻልኩም፣ ዱካኑን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ።

የግዛቱ ዋና ከተማ ገዳሪፍ ያገኘነው ሹም፣ «ሥልጣኑ ወደ ታች ወርዷል፤ ውሃ አሁን የወረዳችሁ ጉዳይ ነው» አለን። ተመልሰን ወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባን። ጸሐፊው ሻዩን እያማሰለ አዳመጠንና፣ «ከእኛም ወርዷል። እያንዳንዱ መንደር የውሃ ኮሚቴ አለው፤ የሚጠየቀው ሊቀ መንበሩ ነው» አለ።

«በመንደራችን እንዲህ ያለ ኮሚቴ አይተን አናውቅም» አልኩት።

መዝገብ አውጥቶ ገለጠና የሊቀ መንበሩን ስም አነበበልን። የእኔ ስም ነበር። ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ የሌለኝ ሐበሻ መሆኔን ለጸሐፊው ላስረዳ ስንተባተብ፣ ሐጃ ዘይነብ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ነበርክ?» አሉኝ።