ስድስት ሸማኔ፣ አንድ እንዝርት

ልክነሽ የምትተኛው መቼ ነው?

ጥያቄውን ያነሳችው አበቡ ናት፤ ባሏ እንድሪያስ እጁን ታጥቦ ለቁርስ ሲቀመጥ። እንድሪያስ በኦቾሎ መንደር የማላውቀው ጉዳይ የለም የሚል ሰው ነው፤ ይህን ግን አላወቀም።

የልክነሽ ባል ኦይታ ሸማኔ ነበር። ወታደር ሆኖ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከደመወዙ የሚልከው ገንዘብ አርባ ምንጭ ለሚማሩት ልጆቻቸው የቤት ኪራይና ቀለብ ይሆናል፤ ለእናትየው የሚተርፍ የለም። ታዲያ እንድሪያስ ጎረቤት ሸማኔዎችን ሰብስቦ፣ "የወታደር ቤት ዓይናችን እያየ አይራብም!" አላቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሱን ጨምሮ ስድስት ሆነው ተራ ገቡ። ባለተራው በኦይታ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ሲሸምን ይውላል፤ ሸማው ጨንቻ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለልክነሽ ይሆናል። እሁድ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ሳይቀር ተመሰገኑበት።

"ማታ ትተኛለቻ!" አለ እንድሪያስ። "ምን ያስነቃታል?"

"ማጉን ማን ይፈትለዋል፣ የነህምያ አባት? አንተ?" አለችው አበቡ፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

እንድሪያስ የቆረሰውን መልሶ አስቀመጠ። እሱ በአንድ ቀን ሸምኖ የሚጨርሰውን ማግ አበቡ ከሴት ልጆቿ ጋር ሆና ቀናት ትፈትለዋለች። ልክነሽ ብቻዋን ናት። የመጣው ሁሉ ደግሞ በማለዳ ማግ ይጠይቃል፤ ምሳም ይበላል። ሸማኔ ሲያሰባስቡ ስለ ፈታይ ያሰበ አልነበረም።

ተራው የእሱ ነበርና ተነስቶ ሄደ። ልክነሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፤ ዓይኗ ደም ለብሷል።

"ጋሼ እንድሪያስ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ማጉ ሊደርስ ነው።"

"ልጄ፣ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? እርዳታችሁ ገደለኝ ልበል? ጠገበች ትሉኛላችሁ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "ከጠየቁኝ አይቀር ልንገርዎት። ሸማኔ ሦስት ቀን ይበቃኛል። በቀሩት ቀኖች ወንዶቹ ቤታቸው ይዋሉ፤ ሚስቶቻቸው እንዝርት ይዘው ይምጡልኝ። ምሳችሁንም ቋጥራችሁ ኑ!"

"ወንዶቹ ቅር ይላቸዋል።"

"ቅር ይበላቸው። ኦይታ ሲመለስ አልጋ ላይ ወድቄ ቢያገኘኝስ ማንን ቅር ይለዋል?"

እንድሪያስ ከበስተኋላው ሳቅ ሰማ። አበቡ የእሱን ውሳኔ አልጠበቀችም፤ ሦስት ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ጥጥና የምሳ እቃ ተሸክማ መጥታለች።

"ፈታዮች ደርሰናል! ሸማኔ ነኝ የሚል ወደ ሥራው ይግባ!"

እንድሪያስ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ቅዳሜ ወንዶቹን ሰብስቦ "ስህተቱ የእኔ ነው" ሊላቸው እዚያው ወሰነ፤ ከወሰነም በኋላ እጁ ቀለለው።

አበቡ እንዝርቱን ከልክነሽ እጅ ወሰደች። ልክነሽ ግን ወዲያው የምትተኛ ሴት አልሆነችም። ጥጡን ነካካች፣ ፈትሉን በጣቷ ሞከረች፣ "ይሄ ወፈረ" ብላ አንዷን አስኮረፈች። ምሳ ከበሉ በኋላ፣ "እስቲ ለአፍታ ጋደም ልበል" አለች።

ደጅ አራት እንዝርት ይሾራል። ውስጥ መወርወሪያው ግራ ቀኝ ይመላለሳል፤ ማግ አልተቋረጠበትም። ልክነሽ ያን ድምፅ እየሰማች፣ አባያ ሐይቅ ላይ ፀሐይ ገና እያንጸባረቀች፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።