መቀናጆ

የሰኔ ዝናብ ያረጠበው አፈር ዛሬ ጠዋት ሸተተኝ። ደጄ ላይ የልጄና የመቀናጆው በሬዎች ቆመዋል። እኛ ዘንድ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች አብረው ጠምደው፣ በየተራ ሲያርሱ መቀናጆ ይባባላሉ።

ልጅ ሳለሁ የአባቴ መቀናጆ አያ ቢተው ሞቱ። በሰልስታቸው ማግስት አባቴ ጠምደው ወደ ሟቹ ማሳ ወረዱ።

«አባባ፣ ለሞተ ሰው ያርሳሉ?» አልኳቸው።

«ተራው የሱ ነው። ይልቅ ዘሩን አቀብይኝ» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

የልጄ መቀናጆ ማንኩሳ ገበያ እንደወጣ ቀረ። ልጄም ሊፈልገው ሄደ፤ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ። የመቀናጆው እናት አጥሬን ተደግፋ «እህቴ፣ ተራው የማን ነበር?» አለችኝ።

የልጄ ነበር። አባቴ ለሞተ ሰው ያሉትን ለልጄ ማለት ፈራሁና ለበሬዎቹ ሣር ላቀርብ ዞርኩ።