በአዳማ ጣቢያ የሳልኳቸው ሹም

ሜዳ ላይ ተቀምጬ ሥዕል የሳልኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንን ቀን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

አዳማ የወረድኩት ለግድግዳ ነበር። የከተማው ሹም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ጣራው ተከድኖ መቅደሱ ገና ሥዕል እንዳልነካው ሰምቼ፣ ቀለሜንና ብሩሼን ጠቅልዬ በባቡር መጣሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነኝ፤ ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ይሁን እንጂ እስከዚያ ጊዜ የሌላ ሰው ረዳት ሆኜ የመላእክት ክንፍ ከማቅለም በቀር የራሴ የምለው አንድ ግድግዳ አልነበረኝም። ሹሙ እሺም እምቢም ሳይሉ ሦስት ሳምንት ደጅ አስጠኑኝ። በአራተኛው ሳምንት የባቡር ጣቢያው ኃላፊ፣ ሥዕል ወዳድ ፈረንጅ፣ ጣቢያው ሜዳ ላይ የሥዕል ውድድር ላድርግ ብሎ አስፈቀደ። ሹሙም «እንግዲያው ያሸነፈው ግድግዳዬን ይውሰድ» አሉ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አንድ ግሪክ ባለሱቅ፣ ከሞጆ የመጣ እንደኔው ያለ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ። ፈረንጁ በአስተርጓሚው አፍ ደንቡን ነገረን። «ከተቀመጣችሁበት የሚታየውን ብቻ ሳሉ። ከራስ መጨመር የለም። የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ ብሩሽ ይቀመጣል።» የምንቀመጥበትን ቦታ በዕጣ አካፈለን። የእኔ ዕጣ ሹሙ ከነአሽከሮቻቸው ከተቀመጡበት ድንኳን በስተጎን፣ ፀሐይ ላይ ወደቀ።

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ሥዕል ውጭ ይሳል ይላል። የምስልበትን አቡጀዲ በአራት ድንጋይ ብጫነውም ይርገበገባል። በቆዳ ሙጫ ያሸሁት ቀለም ከዋንጫው ሳይወጣ ይደርቃል። ቀዩን ስቀባ አቧራው ይጠጣውና ቡና ዓይነት ይሆናል። ደግሞ እኔ እያየሁ ስዬ አላውቅም፤ አባቴ ያስያዘኝን እጄ ያውቀዋል። ስለዚህ እንደለመድኩት ሹሙንም፣ አሽከሮቹንም፣ መንገደኛውንም ፊት ለፊት፣ ዓይናቸውን አስፈጥጬ አቆምኳቸው። ፈረንጁ መጥቶ አየና በአስተርጓሚው «ይህ ሁሉ ሰው አንተን ነው እንዴ የሚያየው?» አለኝ። የከበበን ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ምን ብዬ ላስረዳው? በእኛ ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ዓይኑም ሁለት ነው። በጎኑ ዞሮ ባንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣንና ጭፍሮቹ ናቸው። ይህንን ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ከተቀመጥኩበት ደግሞ ከሹሙ የሚታየው አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭና አንድ ዓይን ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ የሳልኩትን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው ጆሮ እንዲያ እጥፋት እንዳለው አላውቅም ነበር። ሹሙ ማንም የማያያቸው ሲመስላቸው ጉንጫቸው ይወድቃል፣ ከንፈራቸው ይላላል፤ እሱንም ሳልኩት። አቧራውን ረሳሁት። ለመንገደኛ እርጎ የምትሸጥ አንዲት የኦሮሞ ሴት ከኋላዬ መጥታ «አካም ኦልተኒ፣ መሪጌታ» ብላ ሰላም አለችኝና አቡጀዲውን ስታይ አፏን ያዘች። «ኢሳኑማ! ራሳቸው ናቸው እኮ!» አለች። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይታ አታውቅም፤ ያየችው መምሰሉን ብቻ ነው። እኔም እንደሷ ለማየት ፈለግሁ።

ባቡሩ ገባ። ፈረንጁ የሦስታችንንም ዞሮ አየና የእኔን ከፍ አድርጎ ያዘው። እጄን ጨበጠኝ፣ የፈረንጅ ቀለም የሞላበት የእንጨት ሳጥን ሸለመኝ። ወዲያው ሹሙ ከድንኳናቸው ወጥተው መጡ።

«ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ ከተቀመጥኩበት ሲታዩ...»

«ከይሁዳ ጋር የቆጠርከኝ ምን ባጠፋ ነው? ቤተ ክርስቲያን ባሠራ?»

ፈረንጁ ምን አሉ ብሎ አስተርጓሚውን ቢጠይቀው አስተርጓሚው መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ አፌን ብይዝ ቢያንስ ሽልማቱ ይተርፈኝ ነበር። ግን ግድግዳው ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝና «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፣ ጌታዬ!» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሳጥኑን መሬት ጥዬ ብሩሼን ጥቁሩ ውስጥ ነከርኩና እዚያው ጉንጫቸው ላይ፣ ጆሮው አጠገብ፣ ሁለተኛ ዓይን አኖርኩላቸው።

ሹሙ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ደግሞ ጭራሽ ማነው?» አሉና ወደ በቅሏቸው ሄዱ። ፈረንጁ የነገረኝን አስተርጓሚው አልተረጎመልኝም፤ ግን ሳጥኑን ከመሬት አንስቶ ለግሪኩ ሰጠው። ግድግዳውን ደግሞ፣ ደንቡን ከጉዳይ ሳይቆጥር ሁሉንም ሰው በሁለት ሁለት ዓይን ያሰለፈው የሞጆው ሰዓሊ ወሰደ።

በሹሙም በፈረንጁም ብዙ ዘመን ተናድጃለሁ። ግድግዳውን የነሱኝ ሹሙ ናቸው፣ ሳጥኑን የነጠቀኝ ፈረንጁ ነው። ሥዕሉን ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ፤ ያንን የሚያህል ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስዬ አላውቅም።